ሰማያዊ ነው ብሎ የፈረመው ሰው

ላዲፖን በስሙ የሚጠሩት ሚስቱና ባንክ ቤት ብቻ ነበሩ። እኛ የማተሚያ ቤቶች ሰፈር የሾሞሉ ሰዎች «ባባ ከለር»፣ የቀለም አባት፣ ነው የምንለው። ስሙን ለፌዝ አላወጣንለትም። ሰው ከመጽሔት የተቀደደ ቁራጭ ይዞ መጥቶ «ባባ፣ ይቺን ቀለም አምጣልኝ» ሲለው፣ ላዲፖ ቁራጯን በሁለት ጣቱ ይዞ በሩ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ላይ አንዴ ያያታል። «ሳያን ሰማኒያ፣ ማጀንታ ሃያ አምስት፣ ቢጫ የለባትም፣ ጥቁር አምስት» ይላል። እንዳለው ይታተማል። የታተመው ከቁራጯ ጋር ሲተያይ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ማተሚያ መኪና ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ ቀለም አያውቅም፤ ሳያን የሚሉት ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚሉት ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። የዓለም ቀለም ሁሉ ከነሱ ነው የሚወጣው፤ ስንት ከየቱ እንደሚገባ ማወቅ ነው ሙያው። ላዲፖ ያውቅ ነበር።

ይህን ዓይን የሰጡት ሙያውን ያስተማሩት ጌታው፣ ፓ አዴጎሮዬ ናቸው። ኮምፒውተር ሳይመጣ፣ አንድ ፎቶግራፍ በካሜራ በአራት ፊልም ተከፍሎ፣ ፊልሙ በምላጭ እየተቆረጠ በሚሠራበት ዘመን፣ ፓ በሾሞሉ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ላዲፖን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ተቀበሉት። ሲሳሳት በማስመሪያ ጣቱን ይሉታል፤ ሲመሽ ደግሞ ሚስታቸው ኢያ ቱንራዮ፣ የቱንራዮ እናት ማለት ነው፣ ከራሳቸው ልጅ ከቱንራዮ ጋር በአንድ ሳህን የአማላ ገንፎ ያበሉታል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሮ ነው የራሱን ሱቅ የከፈተው። አባቱን ብዙም አያስታውስም። አባት ሲባል ትዝ የሚሉት ፓ ነበሩ።

ዘመኑ ሲለወጥ ላዲፖም ኮምፒውተር ገዛ። ዝነኛው ፕሮግራም በየወሩ እንደ ቤት ኪራይ ክፈለኝ ይላል፤ እሱ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ፣ ስሙን እንኳ ደንበኛ ሰምቶት የማያውቅ ርካሽ ፕሮግራም አስገባ። ፕሮግራሙ ደህና ነበር፤ ፊት ያጠራል፣ ጀርባ ይቆርጣል። ሁሉን ነገር የሚሠራው ግን በስክሪን ብርሃን ነው። ሥዕሉ ተሠርቶ ሊወጣ ሲል አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷን ስትነካት ሥዕሉን ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለማት ይለውጥልሃል። እንዴት እንደሚለውጠው እግዜርና የሠራው ሰው ያውቃሉ። ነጩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ፊቱም ፊት፣ ሣሩም ሣር። ጥልቅ ሰማያዊ ላይ ሲደርስ ግን ማጀንታውን በጭልፋ ይደፋበትና ሐምራዊ ያደርገዋል። ይህን ዓመሉን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መድኃኒቱ ማጀንታውን ከሰማያዊው ላይ መቀነስ ነው። ወጣቶቹ በቁጥር ይቀንሳሉ። ላዲፖ የስክሪኑን ቁጥር አይቶ አያውቅም፤ በዓይኑ ነበር የሚቀንሰው፣ ይኮራበትም ነበር። ቁጥር የሚያየው ዓይን የሌለው ነው ይል ነበር።

ዓይኑ ደግሞ እየከዳው ነበር። ያባ በሚባለው ሰፈር አጠገብ በድንኳን ነጻ ምርመራ ሲደረግ ሰው አይቶ ገባ፤ አንዲት ወጣት ሐኪም በመሣሪያዋ አየችው። ከዚያ «ባባ፣ የዓይንዎ ግፊት በጣም ከፍ ብሏል። ነርቩን እየገደለው ነው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ይህን ጠብታ በየቀኑ ያድርጉ» አለችው።

«ከለርስ?» አላት። ሌላ አልጠየቀም።

«እሱንም ይነካል።»

ጠብታውን ሁለት ወር አድርጎ ተወው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከጎን የሚመጣ ሞተር ሳይክል አያይም፤ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይዳብሳል፤ ይህን ሁሉ በእርጅና አመካኘው። ሾሞሉ ሁሉ ቢጠረጥረው እንኳ ከለሩ አልተነካብኝም ብሎ ይምል ነበር፣ ውሸትም አልነበረም፣ በእርግጥ እንደዚያ ይመስለው ነበር። ሰው የማያየውን ነገር እንደማያየው በምን ያውቃል? ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ዓይኑ እንደታመመ ከተሰማ በማግስቱ በሩን መዝጋት ነው፤ ቀለም የማያይ ባባ ከለር ማን ይፈልጋል?

ፓ አዴጎሮዬ ያረፉት አቧራማው ነፋስ በሚነፍስበት ወር ነው። በሦስተኛው ቀን ኢያ ቱንራዮ በጠዋት መጡ፤ ፎቶውን በስልካቸው ይዘው። ላዲፖ ተነሥቶ መሬት ነክቶ እጅ ነሣቸው፤ ወንበሩን በክንዱ ጠርጎ አስቀመጣቸው።

«ልጄ፣» አሉ፣ «የቀብሩን መጽሐፍ፣ ፎቶውንና ታሪኩን የሚይዘውን፣ ከአንተ በቀር ማንም አይነካውም። እሱም ቢጠየቅ ይህንኑ ነበር የሚል።»

«እማማ፣ ሌላ ሰው ቢነካው እኔ ነኝ የምሞት።»

«ሞትን ተወው፣ ይበቃናል። ይልቅ ይህን መታጠቂያ እይልኝ።» ፎቶውን አሰፉት። ፓ በነጭ ቀሚስ፣ በባዶ እግራቸው፣ በወገባቸው ሰፊ መታጠቂያ አሥረው ቆመዋል። «ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ሆኖ እንዲወጣ አደራ። ነገሩን ታውቀዋለህ።»

ነገሩን ያውቃል። የፓ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ለባሾች ናት፤ ማዕረግ የሚለየው በመታጠቂያ ነው። ሰማያዊ የሽማግሌ ነው። ሐምራዊ የአንድ ሰው ብቻ ነው፣ የመሪው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሴት በጸሎት መካከል ተነሥታ «ሐምራዊው ለአዴጎሮዬ ይገባል» ብላ ጮኸች። ፓ አልላኳትም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ልኳታል አሉ። ማዕረጋቸውን ገፈው ከደጅ አስቆሟቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ኩሩ ሰው ከመስኮት ውጭ ቆመው ጸለዩ። ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው ታረቁ። የሐምራዊ ነገር ዳግመኛ ላይነሣ፣ በሰማያዊያቸው ሊቀበሩ፣ ሽማግሌዎቹ ሊዘምሩላቸው፣ ቤተሰቡም ነጭ ሊለብስ ተስማሙ። ለእነዚህ ሰዎች ያለ ዝማሬ መቀበር እንደ ውሻ መጣል ነው።

«ገንዘቡን...» አሉ ኢያ ቱንራዮ።

«እማማ፣ አይስደቡኝ።»

ሳቁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ላዲፖ እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ ሠርቶ አያውቅም። የፓን ፊት ቆዳ አጠራ፤ የዓይናቸውን ሽብሽብ ግን አልነካም፣ ሽብሽቡን በሥራ ነው ያገኙት። ሳጥኗን ነካ፤ ሥዕሉ ተለወጠ። መታጠቂያውን አጎላው። ዓመሉን ያውቃልና ማጀንታውን ቀነሰ። አየው። ትንሽ ቀነሰ። አየው። ሰማያዊ መሰለው። የፓ መታጠቂያ፣ ያ ስንት እሁድ ሲያየው የኖረ ሰማያዊ፣ እዚያው ስክሪኑ ላይ አለ። ቁጥሩ ከጎኑ ተጽፏል፤ ዞር ብሎ ቢያየው ያድነው ነበር። አላየውም። ናሙናውን አትሞ በሩ ላይ ወጣና ፀሐይ ላይ ያዘው። «ሰማያዊ ነው» አለ ለራሱ፤ ከጀርባው ፈረመ። በኛ ሰፈር ናሙና ላይ የፈረመ ሰው ጽድቁንም ኃጢአቱንም ወስዷል።

ማተሚያው የሲኪሩ ነው። ሲኪሩ ዓመለ ወርቅ ነው፤ ጥፋቱ ታላቅ መፍራቱ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን ወረቀት ከመኪናው አውጥቶ አገላብጦ አያት።

«ኦጋ፣» አለ፣ አለቃዬ ማለቱ ነው፣ «መታጠቂያው እንዲህ እንዲሆን ነው የፈለጉት?»

«እንዴት እንዲሆን?»

«እንትን... የባድንጃን ልጣጭ መሰለኝ።»

«ሲኪሩ፣ ምንድን ነው የጠጣኸው?»

«ወላሂ ውሃ ብቻ ነው ኦጋ!»

«እንግዲያው ውሃው ነው ያሰከረህ። እኔ ፊልም ስቆርጥ አንተ እናትህ ጀርባ ላይ ታዝለህ ንፍጥህን ታዝረከርክ ነበር። ሰማያዊ ነው አልኩህ። የማነው ፊርማ?»

«የእርስዎ።»

«ታዲያ አፍህን ዝጋና መኪናህን ክፈት።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሲኪሩም አብሮ ሳቀ። ባባ ከለር ሰማያዊ ነው ካለ እኔ ማን ነኝ፣ አለ በሆዱ፤ ምናልባት ሲደርቅ ይለወጥ ይሆናል። አምስት መቶውም ታተመ። ከኛ መካከል ያየው ሌላም ሰው ነበር፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። የትልቅ ሰው ስሕተት እንዲህ ነው፣ ሁሉ ያያታል፣ ማንም አይነካት።

መጽሐፉ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ተበተነ። ሰኞ ከቀትር በፊት ላዲፖ ወደ ባሪጋ፣ ወደ ፓ ቤት ተጠራ፤ ሲኪሩም አብሮ። በመንገድ ላይ ሲኪሩ አንገቱን ደፍቶ «መታጠቂያው ሐምራዊ ነው እያሉ ነው ኦጋ» አለው። ላዲፖ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ቀለም አቅራቢውን ሰደበ፣ ወረቀቱን ሰደበ፣ ያን ርካሽ ፕሮግራም ሰደበ። ባሪጋ ሲደርሱ የሚሰደብ አልቆበት ነበር።

በግቢው ስድስት ሽማግሌዎች በነጭ ተቀምጠዋል። ኢያ ቱንራዮ መሬት ላይ ናቸው። አነጋጋሪው ሽማግሌ ፋሌዬ ነበሩ፤ መጽሐፉን በአንድ እጃቸው፣ የፓን እውነተኛ መታጠቂያ በሌላው ይዘዋል።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። መኪናው ነው... ፕሮግራሙ ሰማያዊን ያበላሻል። እንደገና አትሜ ዛሬውኑ...»

«አምስት መቶ ሰው አንብቦታል። የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል?» ፋሌዬ ገጹን ወደ እሱ አዞሩት። «ነጩ ነጭ ነው። ፊቱ ራሱ አዴጎሮዬ ነው። ሣሩ አረንጓዴ ነው። መኪናህ ከዚህ ሁሉ መርጣ መታጠቂያውን ብቻ ነው የቀየረችው? መኪናም ማዕረግ ትሾማለች?»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ላዲፖ መልስ ነበረው፤ እውነተኛ መልስ፤ ግን እንደዚያ ያለ እውነት ለሰሚው ግራ ነው።

«አንተስ ያተምከው፣» አሉ ወደ ሲኪሩ፣ «አላየህም?»

ሲኪሩ ላዲፖን አየ፣ ሰማዩን አየ። «አይቻለሁ አባት። ጠየቅኳቸው። ትክክል ነው ብለው... ፈርመዋል።»

«በቃ፣» አሉ ፋሌዬ። «ሰምታችኋል። ተነግሮት፣ ፈርሞ። ቤተሰቡ ሲታረቅ በአፉ ነው የታረቀው። በሞተ ሰው ወገብ ሐምራዊ አስታጥቀው ሊሾሙት ነው የፈለጉት።»

«እኔ ሐምራዊ?» አሉ ኢያ ቱንራዮ። «አባት ፋሌዬ፣ እኔ የፈለግኩት ባሌን መቅበር ብቻ ነው!»

ላዲፖ መታጠቂያውን አየ፤ መጽሐፉን አየ። ሁለቱም አንድ ነበሩ። አንድ! ያኔ ነው ልቡ የተሰነጠቀው። ስድስት ሽማግሌ፣ አንዲት መበለት፣ አንድ አታሚ ልዩነቱን ያያሉ፤ የፓ አዴጎሮዬ ተማሪ አያይም። የፈሩት ይደርሳል። አሁን አፉን ቢዘጋ ሥራው ይተርፋል፣ ጌታው ያለ ዝማሬ ይጣላሉ። ቢናገር ሲኪሩ ይሰማል፤ ሲኪሩ ከሰማ ሾሞሉ ሰማ። ትንሽ አሰበ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ አላሰበም። በጉልበቱ ወደቀ።

«አባት፣ እኔ አላየሁትም። ዓይኔ ታሟል። ሐኪም ነግራኛለች፣ ደብቄው ነው። እነዚህ ሁለቱ ለእኔ አንድ ናቸው፤ አሁንም ሳያቸው አንድ ናቸው። እማማ ሰማያዊ ነው ያሉኝ፣ አደራ ነው ያሉኝ። ጥፋቱ የዓይኔ ነው፤ የሳቸው አይደለም።»

ሲኪሩ «ኦጋ!» ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ፋሌዬ ብዙ አዩት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዳይታለሉ የሚፈሩ ሰው ነበሩ እንጂ። «አታየውም?» አሉ። «የዚህ አታሚ ቆብ ምንድን ነው ቀለሙ?»

«ቀይ።»

«ያ በር?»

«እሱም ቀይ፣ የደበዘዘ።»

«የሙዙ ቅጠል?»

«አረንጓዴ። ጫፉ ደርቆ ቡናማ ሆኗል።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። «ከእኔ ይሻላል እኮ የሚያየው!»

«ቀዩን አየህ፣ አረንጓዴውን አየህ፣ የደረቀች ጫፍ አየህ፣» አሉ ፋሌዬ። «ሰማያዊ ላይ ስትደርስ ታወርክ። አንተን ባባ ከለር ነው አይደል የሚሉህ? ልጄም የጋብቻ መጥሪያዋን ባንተ ነው ያሠራችው፤ በዓይኑ ቁጥር ይጠራል ብላ እየተደነቀች። ለጌታህ ሚስት ብለህ ዓይንህን በጨው አጥበህ ትዋሻለህ። መዋደድህን አከብራለሁ፤ ውሸትህን ግን አልቀበልም።»

«አባት፣ በፓ አጥንት እምላለሁ...»

«አጥንቱን ተወው፣ ገና አልተቀበረም።» ተነሡ፤ ሌሎቹም ተነሡ። «ዓርብ አንመጣም። ነጩንም ቀሚስ ከዚህ ቤት ማንም እንዳይለብስ።»

ኢያ ቱንራዮ ቀና አላሉም። ላዲፖ ወደ እሳቸው ሲጠጋ እጃቸውን አነሡ፤ ሂድ ነው። እሳቸውም አላመኑትም ነበር። ምናልባት በልቡ ለፓ ሐምራዊውን ተመኝቶላቸው ይሆናል ብለው ያስቡ ነበር፤ ይህን ኋላ ላይ ቱንራዮ ነግራናለች። ይህ ሕመም ቀይና አረንጓዴን ትቶ ሌሎቹን ቀለሞች አስቀድሞ እንደሚያጠፋ ያኔ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ያላመኑትን ሾሞሉ በግማሽ ቀን አመነ። ሲኪሩ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት ብሎ ይምላል፤ እናምነዋለን፣ አንድ ሰው ይበቃል። ማክሰኞ ሁለት ደንበኞች ፋይላቸውን ወሰዱ። ረቡዕ አንዲት የሙሽራ እናት መጣችና «ባባ፣ አይክፉብኝ፣ ልብሱ ቱርኩይዝ ነው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ ለወጣቶቹ ብሰጠው...» አለች። ላዲፖ ፋይሉን ራሱ ገልብጦ ሰጣት። አንዱ ባለጌ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሦስት ጣት አውጥቶ «ባባ፣ ይህ ስንት ነው?» ብሎት ሮጠ። የሣቅንም አለን። አሁን ሲያስቡት ያሳፍራል። ሐሙስ ማንም አልመጣም። ላዲፖ ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ከፊቱ ተቀምጦ ዋለ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራበት ነገር በሦስት ቀን አልቆ ነበር፤ እሱም ማለቁን ያውቅ ነበር። ዓይኑን መደበቁ እንዳልረዳው፣ መግለጡም አልረዳውም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያቃጥለው። ሽማግሌዎቹ አድረውበት፣ ተመካክረውበት፣ አንዳቸው «ሰውየው እውነቱን ይሆናል» ቢሉስ? ስልክ ለመደወል አፈረ። ዓርብ ጠዋት ለማንም ሳይነግር አውቶቡስ ይዞ ወደ ኢኮሮዱ፣ ወደ ፓ አባት ግቢ ሄደ፤ ጉድጓዱ እዚያ ነው የተቆፈረው። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። በአጥሩ ክፍተት ወደ ውስጥ አየ።

ነጭ ነበር። ግቢው በሙሉ ነጭ! ቱንራዮ ነጭ፣ የልጅ ልጆቹ ነጭ፣ ኢያ ቱንራዮ ከራስ መሸፈኛቸው እስከ እግራቸው ነጭ ለብሰው ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ላዲፖ የአጥሩን እንጨት ይዞ አለቀሰ። አምነውኛል አለ። ሥራዬን ሰጥቼ ጌታዬን ቀበርኩ፤ አልከሰርኩም አለ። ዝማሬ አይሰማም፤ ገና አልደረሱም ይሆናል፣ ከባሪጋ መንገዱ ይዘጋጋል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለለው።

ገብቶ በኢያ ቱንራዮ እግር ሥር ወደቀ። «እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! ፈቀዱላችሁ! ነጭ አለበሷችሁ! ሽማግሌዎቹ በመንገድ ላይ ናቸው?»

ቱንራዮ አፏን በእጇ ያዘች። ኢያ ቱንራዮ የቀሚሳቸውን ጫፍ አዩ፤ እሱን አዩ፤ ዓይኖቹን አንድ በአንድ፣ ለረጅም ጊዜ አዩ። የሳምንቱ ቁጣ ሁሉ ከፊታቸው ወረደ።

«ላዲፖ፣ ልጄ፣» አሉ፣ «ይሄ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ነጩንማ ከልክለውናል፤ ማንም አይመጣም።»

ከዚያ እንዳይደናቀፍ ክንዱን ይዘው አነሡትና፣ በዝግታ እየመሩ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ወሰዱት።